ቅሬ ይግባኝ የለውም

ሸህ አቡበከር «ሸህ» የተባሉት ኪታብ ቀርተው፣ ሃይማኖት ተምረው አይደለም፤ ይህን ራሳቸውም አይክዱም። ጢማቸው ቀድሞ ሸበተ፣ ሰው ሲጣላ መሀል ገብተው ማስታረቅ ወደዱ፣ በቃ መርሳ ከተማ ሸህ አለቻቸው። ውላ አድራ ደግሞ የቅሬ ዳኛ አደረገቻቸው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የወሎ ቅሬ ግን ቀብሮና ድንኳን ነቅሎ የሚበተን እንዳይመስላችሁ! የሰረቀን ይቀጣል፣ የተጣላን ያስታርቃል፣ አልመለስ ያለውን ያስወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ለቅሶው አይደረስም፤ ሬሳው ከቤት ሲወጣ ቃሬዛውን የሚያነሳለት ጎረቤት የለም። አነሳለታለሁ ያለ አባል ራሱ ይቀጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም የአንድ ቅሬ ልጅ ስለሆነ ሕጉ ማንንም ከማንም አይለይም።

በዚህ ወንበር ላይ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ፍርድዎ ተጣመመ ብሎ ፊት ለፊት የተናገራቸው ሰው አልነበረም። እሳቸውም ቢሆኑ ይህን ያውቁታል፤ ትንሽም ይኮሩበታል። እንግዲህ በ2014 ሰኔ ላይ ሚስባህን ከቅሬ ያስወጡት እኒህ ሰው ናቸው። ያን ቀን ፍርዱ የተጣመመ መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሚስባህ የመርሳ ልጅ ነው። አስተማሪ ነበር፤ ኋላ ፖለቲካ ገባና ለምክር ቤት ተመረጠ። ምላሱ ፈጣን፣ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ስብሰባ ላይ ማይክ ከያዘ የማይለቅ ሰው ነበር። መርሳ እንደሆነ ሹመኛዋን ሳታማ አትውልም፤ «ሚስባህ ለቀብርም ንግግር ያደርጋል» እያለች ትስቅበት ነበር። ሐምሌ 2013 ጦርነቱ ወደ ራያና ቆቦ ሲወርድ ተፈናቃዩ መርሳን አጥለቀለቃት። ትምህርት ቤቱ ሞላ፣ በረንዳው ሞላ። የተፈናቃይ መርጃ ኮሚቴ ሲቋቋም ሰብሳቢ የሆነው ሚስባህ ነው። ነጋዴው አዋጣ፣ ገበሬው አዋጣ፣ ቅሬውም የገንዘብ ሳጥኑን ገልብጦ ሰጠ።

ነሐሴ ላይ ወልድያ ስትጨነቅ መርሳም መነቀል ጀመረች። የተፈናቀለውም ያስጠጋውም አንድ ላይ ደሴ መንገድ ላይ ወጣ። እግር ያለው በእግሩ ሄደ። ሚስባህ ኮሚቴው እጅ ላይ በቀረችው ገንዘብ ሦስት አይሱዙ ተከራየና መራመድ ያቃተውን ሁሉ አሳፈረበት፤ ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ አራስ። ከትምህርት ቤቱም ጫነ፣ ከየቤቱም ጫነ። በዚያ ቀን ማነህ፣ ከየት ነህ የሚባባል ሰው አልነበረም።

ሸህ አቡበከር በዚያ ጠዋት መኪናው ፊት ነበሩ። አንዲት ልጃቸው ኢብቲሳም ምጥ ይዟታል። ባሏ ረዲ ሲሪንቃ የሥራ ቦታው ላይ እንዳለ መንገዱ ተዘግቶበታል፤ ያ ሰው እስከ ዛሬም ወሬው አልተሰማ፣ አላህ ያለበትን ይወቅ። ጤና ጣቢያው ባዶውን ነው። እሳቸው ልጃቸውን በክንዳቸው ደግፈው የሚስባህን እጅጌ ያዙ።

«ሚስባህ ልጄ፣ በነቢ ይሁንብህ፣ ይቺን ልጅ ጫንልኝ!»

ሚስባህ ላቡን ጠረገ። «ሸህ፣ ይህ መኪና የተከፈለው በተፈናቃይ ገንዘብ ነው። የጫንኩት የከተማ ሰውም በዝቷል። ነገ መጠየቄ አይቀርም።»

«የጠየቀህ ቢመጣ እኔ አለሁልህ! የቅሬ ዳኛ መሰከረ ማለት መርሳ መሰከረች ማለት ነው። ወላሂ፣ እኔ ነኝ የምመልስልህ።»

ሚስባህ ኢብቲሳምን አንስቶ ከሹፌሩ አጠገብ፣ ከገዛ እናቱ ከእማማ ሲቲ ጎን አስቀመጣትና በሩን ዘጋ። ሸህ አቡበከር መኪናው ከዓይናቸው እስኪጠፋ ቆመው ዱዓ አደረጉ፤ ከዚያ በትራቸውን ይዘው ግራና በሚባለው ቀበሌ በኩል ወደ ገጠር ወጡ።

ከአራት ወር በኋላ አገሩ ሲመለስ ሁሉም የፈረሰ ቤቱን ማቃናት ያዘ። ቆይቶም የገንዘቡ ጥያቄ መጣ። ሚስባህ «ሰው አጓጓዝኩበት» አለ። ደረሰኝ የለም። በዚያ ቀን ደረሰኝ የሚቆርጥ ሹፌር ከየት ይመጣል? አንደኛው ሹፌር ሞቷል ተባለ፤ ሁለቱ የት እንደገቡ አልታወቀም። «እሺ፣ ማንን ጫንክ?» ሲባል ስድስት ሰው ጠራ። ስድስቱም ተጠርተው ስድስቱም «እኔ በእግሬ ነው የሄድኩት» አሉ!

ወይ ጉድ! መርሳ ክፉ ሆና አይደለም። ፈርታ ነው። የሆነ ሰው፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ «በዚያ መኪና የሄደ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ ተጠቃሚ ተብሎ ድርሻውን ይከፍላል፤ እምቢ ያለ ይታሰራል» የሚል ወሬ ነዛ። ቤቱ ተዘርፎ፣ በሬው ታርዶ፣ ማሽላው ማሳ ላይ ረግፎ የተመለሰ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ምን ይላል? በእግሬ ነው የሄድኩት ይላል። ሚስባህም ከዚያ በኋላ የሰው ስም መጥራት አቆመ። አንድ ሰው ብቻ መኪናው ላይ መኖሩ አልተካደም፤ እማማ ሲቲ። ፊት ወንበር ላይ ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ከተማው ሁሉ አይቷቸዋል። ስለዚህ ክሱ ምን ሆነ? በተፈናቃይ ገንዘብ እናቱን አሸሸ። ሦስት ዓመት ተፈረደበትና ወልድያ ማረሚያ ቤት ገባ።

ፍርዱ በተሰማ በሳምንቱ ቅሬው ተሰበሰበ። የቅሬው ጸሐፊ ሲሳይ ሕጉን አነበበ፤ የቅሬን ሳጥን የበላ ከቅሬ ይወጣል ይላል። ሸህ አቡበከር አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ያቺን ቃል ቢያወጡ ግን እሳቸውም፣ ልጃቸውም፣ ዝም ያሉት ሁሉ ከሚስባህ ጋር ሊከሰሱ ሆነ፤ እንዲያ መሰላቸው። «ቅሬው ያለው ይሁን» አሉ። እሳቸው እንዲያ ካሉ በኋላ ደግሞ ማን ይናገራል?

ሐምሌ ላይ እማማ ሲቲ ሞቱ። ቅሬው አልወጣም። የለቅሶ ጠሪው አልጠራም፣ ድንኳኑ ከሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት አልወጣም። ሸህ አቡበከር በዚያ ቀን በራቸውን ዘግተው ቁጭ አሉ፤ ቀብሩ ሲያልፍ የእግር ኮቴው ተሰማቸው። ትንሽ ነበር ኮቴው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፋቸው ተቆራረጠ፣ ሶላታቸውም አልጥማቸው አለ። ኩላሊታቸውም ተነሳባቸው። ደሴ ሄደው ታዩ፤ ሐኪሙ እውነቱን አልደበቃቸውም፣ ብዙ አልቀረዎትም አላቸው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከወልድያ አንዲት ጠበቃ መጣች፤ ሜሮን ትባላለች። ቆቦ በኩል መድፉ ገና ይሰማል፣ ሰዉ ጓዙን ሳይፈታ ነው የሚያድረው፣ እሷ ግን ቦርሳዋን አንግታ ከቤት ቤት ትዞራለች። ሦስት ቀን ዞረች። የገባችበት ቤት ሁሉ ብርቱካን ሰጣት፤ ቃል የሰጣት ግን የለም። በመጨረሻ ሸህ አቡበከር ቤት ደረሰች።

«አባቴ፣ የሚስባህን ይግባኝ የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች። «ችሎቱ ተጨማሪ ምስክር እንዳቀርብ ፈቅዶልኛል። አንድ ሰው ይበቃኛል፤ ከእናቱ ሌላ በዚያ መኪና ላይ ሰው እንደነበረ የሚናገር አንድ ሰው። እሱን ስጠይቀው ‹መናገር ያለበት ራሱ ይናገራል› ይለኛል እንጂ ስም አይጠራልኝም። እርስዎ የቅሬ ዳኛ ነዎት፤ የማያውቁት ሰው የለም። ማን ተሳፍሮ ነበር?»

«አላውቅም የኔ ልጅ» አሉ።

እንዲህ ነው ያሉት። ያወቁትን አላውቅም አሉ፤ ውሸት። ዓመት ያለፈው የኢብቲሳም ልጅ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ የመቁጠሪያቸውን ክር ይጎትታል። ሜሮን ስልክ ቁጥሯን ወረቀት ላይ ጻፈችላቸው፣ አመስግና ወጣች። ገና ከግቢው ሳትርቅ ኢብቲሳም ከጓዳ ብቅ አለች። ፊቷ ጠቁሯል።

«አባዬ፣ አያውቁም?»

«ዝም በይ።»

«ይሄ ልጅ ታዲያ ከሰማይ ነው የወረደው? በዚያ መኪና ባልሄድ እኔም እሱም መንገድ ዳር በቀረን ነበር! እማማ ሲቲ እጄን ይዘው ሐይቅ ድረስ ‹አብሽሪ፣ አብሽሪ› ሲሉኝ ነበር እኮ። እርስዎ ካልመሰከሩ እኔ ሄጄ እመሰክራለሁ።»

«ኢብቲሳም!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «የቅሬውን ሕግ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ዳኛ ሆኖ የሚያውቀውን ደብቆ የፈረደ ከቅሬ ይወጣል ይላል። ይሄ ነገር ከወጣ ወንበሩ ይቅር፣ ወንበር ምን ያደርግልኛል! እኔ ግን ወንድ ልጅ የለኝም። ረዲ የለም። ሐኪሙ ያለኝን ሰምተሻል። ነገ ስሞት ማን ያነሳኛል? ጅብ እንዲበላኝ ነው የምትፈልጊው?»

ልጂቱ ለአባቷ አዘነች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ነገር ግን አላቆመችም። «እማማ ሲቲንስ ማን አነሳቸው?» አለች።

ሸህ አቡበከር ልጁን ከጉልበታቸው አንስተው ለእናቱ ሰጧትና ወደ ብርቱካን ማሳቸው ሄዱ። እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ብዙ አሰቡ። ነገሩን አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ አገላበጡት። ፍርሃታቸው እውነተኛ ፍርሃት ነበር፤ ለእሳቸው ከመሞት ይልቅ አፈር ሳያገኙ ሜዳ ላይ መቅረት ይብሳል። ነገር ግን ደጋግሞ የመጣባቸው ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሰው ይህን ሁሉ ወራት ስማቸውን አለመጥራቱ። ‹ሸህ አቡበከር ምለውልኛል› ቢል ፖሊስ በማግስቱ በራቸው ላይ በቆመ ነበር። አላለም። በገዛ ፈቃዳቸው እስኪመጡ እየጠበቃቸው ነው። ይህን ሲረዱ እፍረት ከእግር እስከ ራሳቸው ወረራቸው።

አመሻሽ ላይ ተመልሰው ኢብቲሳምን ጠሩ። «ደውይላት» አሉ። «አንቺ አትመሰክሪም። አንቺ የተጫንሽ ነሽ፤ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።»

ይግባኝ ሰሚው ችሎት ወልድያ ላይ የተሰየመው የሰላም ስምምነት ተፈረመ በተባለበት ሳምንት ነው። ሸህ አቡበከር ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ የኩላሊታቸውን ሕመም በጥርሳቸው ነክሰው፣ ከመርሳ በሚኒባስ መጡ። ቁርአን ላይ ማሉ። ሚስባህ ከተከሳሽ መቀመጫው ሆኖ ሲያያቸው ፊቱ አልተለወጠም። ከስቷል፤ ሱሪውም አልተተኮሰም። ሸህ አቡበከር ወደሱ ላለማየት ዓይናቸውን ዳኞቹ ላይ ተከሉ።

ሜሮን ጠየቀቻቸው፣ የሆነውን አንድ በአንድ ተናገሩ። ልጃቸውን ማስጫናቸውን፣ ሚስባህ ገንዘቡ የተፈናቃይ ነው ማለቱን፣ እሳቸው እመሰክራለሁ ብለው መማላቸውን። መኪናው ላይ ያዩዋቸውንም ሰዎች ጠሩ፤ ሽባው ልብስ ሰፊ፣ ዓይነ ስውሯ እናትና ልጇ፣ ከትምህርት ቤቱ የመጡ ሦስት የቆቦ አራሶች። ዐቃቤ ሕጉ ብድግ አለ።

«ይህን ሁሉ ካወቁ በስር ፍርድ ቤት ጉዳዩ ሲታይ የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ለምን መጥተው አልተናገሩም?»

«ፈራሁ።»

«ምን ፈሩ?»

«የተጫነ ይከፍላል፣ ይታሰራል ሲሉ ሰማሁ። ፈራሁ ልጄ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ዐቃቤ ሕጉ ይህን መልስ አልጠበቀም መሰለኝ ወረቀቱን ገለጠ። «እንግዲህ ልጅዎ የመርሳ ነዋሪ ናት። ቤት አላት። ገንዘቡ ደግሞ ለተፈናቃይ የተሰበሰበ ነው። ይህን እርስዎም ይግባኝ ባዩም ታውቁ ነበር ማለት ነው?»

«እናውቅ ነበር።»

ዐቃቤ ሕጉ ጨርሻለሁ ብሎ ተቀመጠ። ሜሮን ከንፈሯን ነከሰች። ይሄኔ መሀል ያሉት ዳኛ፣ ፀጉራቸው ገባ ያለ ሽማግሌ ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ለማጣራት ብለው ጠየቁ።

«ልጅዎ በዚያ ቀን የት አደረች?»

«ሐይቅ፣ አንድ ትምህርት ቤት ወለል ላይ። እዚያው ወለደች።»

«ወደ ቤቷ መቼ ተመለሰች?»

«ከአራት ወር በኋላ ጌታዬ። ቤቷ ግን አልነበረም፤ ተቃጥሏል። እኔ ጋ ነው ያለችው።»

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ረዘም አድርገው ጻፉ።

ፍርዱ ኅዳር ላይ ተነበበ። ብዙው በሕግ ቋንቋ ነው፤ ሸህ አቡበከር ግማሹ አልገባቸውም። የገባቸው ይሄ ነው። እነዚያ ሰዎች መኪናው ላይ ሲሳፈሩ ቤታቸውን ጥለው የወጡ ናቸው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተፈናቃይ ናቸው። ሚስባህ ለራሱ ያዋለው ገንዘብ አልተገኘም። እናቱም ቢሆኑ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ መራመድ የማይችሉ ሴት ነበሩ፤ ልጃቸው ሰብሳቢ ስለሆነ ሜዳ ላይ መቅረት አልነበረባቸውም። «የስር ፍርድ ቤት የሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ ተሽሯል። ይግባኝ ባይ በነፃ ይሰናበት።» ሜሮን እንደ ሕፃን ተፍለቀለቀች። ሚስባህ ግን ዳኞቹን እጅ ነስቶ ወጣ። ሸህ አቡበከር ደጃፍ ላይ ሊጠብቁት ፈልገው ነበር፤ አፈሩና ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ቅሬው ድንኳኑ በሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት ፊት ተሰበሰበ። እንደዚያ ሰው የሞላበት ቀን አልነበረም። ሚስባህም ተጠርቶ መጣ፤ ዳር ላይ ቆመ። ሲሳይ የፍርዱን ግልባጭ ጮክ ብሎ አነበበ። ሚስባህ ወደ ቅሬው ይመለስ ሲባል ያልተነሳ እጅ የለም፤ በእግሬ ነው የሄድኩት ያሉት ስድስቱም ሁለት ሁለት እጃቸውን ሊያነሱ ምንም አልቀራቸው።

ሸህ አቡበከር ከወንበራቸው ተነሱ። «አሁን ደግሞ የሚቀጥለውን አንብብ» አሉ ሲሳይን።

ሲሳይ ደብተሩን አጠፈ። «ሸህ፣ ይቅር በቃ። ሰው ተፈቷል።»

«አንብብ ነው የምልህ!»

አነበበ። ዳኛ ሆኖ የሚያውቀውን ደብቆ የፈረደ ከቅሬ ይወጣል። ዋስ ካገኘ ጉዳዩ እንደገና ይታያል፤ ዋስ ካጣ በዚያው ይጸናል።

«ሰኔ ላይ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ እያወቅሁ ደበቅሁ» አሉ። «የእናንተን እጅ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ፍርድ ቤቱ ይግባኝ አለው፤ ለሚስባህ ደረሰለት። የኛ ቅሬ ይግባኝ የለውም፤ ለእማማ ሲቲ ማንም አልደረሰላቸውም። ስለዚህ ሕጉ ይፈጸም። ወጥቻለሁ።»

ወንበሩን ትተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «ዋስ የሚሆን አለ?» አለ ሲሳይ። ማን ይነሳ? የሚነሳው ሁሉ ራሱ የደበቀ ነው፤ ዋስ ልሁን ቢል «አንተስ?» መባሉ ነው። ያን ጊዜ ሚስባህ ከዳር መጥቶ መሀል ገባ።

እፎይ የሚል ድምፅ በሰዉ ውስጥ አለፈ። አንዷ ሴትዮ እንደውም «አላህ ይስጥህ የኔ ጌታ!» ብላ ልትመርቅ ጀመረች። ሚስባህ እጁን አንስቶ አስቆማት።

«ሸህ፣ እኔ ዋስ አልሆንዎትም» አለ።

ሸህ አቡበከር ቀና ብለው አዩት።

«እናቴን የተሸከምናት አራት ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ። አንዱ ከማረሚያ ቤት ይዞኝ የመጣው ፖሊስ ነው፤ ይታገሱ ይባላል፣ ክርስቲያን ነው፤ ካቴናዬን ፈታልኝና ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አዙሮ ከኋላ በኩል ያዘ። አንዱ የእህቴ ባል፣ ከግራና። አራተኛው ከቆቦ የተፈናቀለ ሰው ነው፤ መንገድ ላይ አየንና ‹ሰው አንሷችኋል እኮ› ብሎ ገባ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ከቤት እስከ መቃብር የቀየረን የለም። ሦስት ጊዜ አስቀምጠናት አረፍን። ሦስት ጊዜ፣ እናቴን መሬት ላይ! በየበሩ ግን ሰው ነበረ። አያችሁን፤ እኔም አየኋችሁ።»

መርሳ አንገቷን ደፋች። እዚያ የነበሩ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሚስባህ ምላሱ የፈጠነ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የሚያወጣው።

«መምጣትዎን አልረሳም፤ ፍርድ ቤት ቆመው ‹ፈራሁ› ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ብሆን እንዲያ ማለት መቻሌን አላውቅም። ግን ዘግይተው ነው የመጡት። እናቴ እስክታልፍ ነው የጠበቁት። ስለዚህ ቅሬው ያለው ልክ ነው፤ ይውጡ። ይቅርታም ዛሬ ከእኔ አይጠብቁ፤ ገና አልመጣልኝም።» ጎንበስ ብሎ ክንዳቸውን ያዘና ከመሬት አስነሳቸው። «ነገር ግን አራት ሰው እንደሚበቃ አይቻለሁ። የእርስዎ ቀን ሲመጣ አንዱ እኔ ነኝ። ቅሬው ይቅጣኝ፣ ግድ የለኝም። ሦስቱን እርስዎ ይፈልጉ።»

ይህን ብሎ ሄደ።

ሸህ አቡበከር ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ያገኙት ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ሰላም ያላቸው ግን የለም። እሳቸውም ማንንም ቀና ብለው አላዩ። ኢብቲሳም ግቢው በር ላይ ልጇን ታቅፋ ትጠብቃቸው ነበር።

«ምን ተባለ አባዬ?»

«ወጣሁ።»

«ዋስ ጠፋ?»

«ጠፋ።»

ልጂቱ ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ወገባቸውን በእጃቸው ደገፉ።

«አታልቅሺ» አሉ። «አንድ ሰው አግኝቻለሁ።»

«ማንን?»

ስሙን ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ እንባቸው ቀደማቸው።